ምዕራፍ 6፦ አራት ወር ዘንቦ ዓመቱን የሚፈስ

በየካቲት ወር ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር የሚጓዝ ሰው ከከተማው ብዙም ሳይርቅ የጨሞጋን ድልድይ ያቋርጣል። ክረምቱ ካለፈ ወራት ተቆጥረዋል። ማሳው ታጭዷል፣ መስኩ ገርጥቷል፣ የመንገዱ ዳር ቅጠል አቧራ ለብሷል። ወንዙ ግን ይፈሳል። ድንጋዮቹ አግጥጠዋል፣ ጥጃ ሳይቀር በእግሩ ይሻገረዋል፤ ቢሆንም ይፈሳል። ይህ ውኃ ከየት መጣ?

«ከጮቄ ነዋ!» ይላል የአገሩ ሰው፤ እውነቱን ነው። ይህ መልስ ግን ቦታውን እንጂ ጊዜውን አይነግረንም። ጮቄ ላይም ቢሆን በታኅሣሥና በጥር የሚጥለው ዝናብ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። በረዶ ተከምሮ ከርሞ በበጋ የሚቀልጥበት ተራራም አይደለም። እንግዲህ በየካቲት በድልድዩ ሥር የሚያልፈው ውኃ ቀደም ብሎ የዘነበ፣ የሆነ ቦታ ተቀምጦ የቆየ ውኃ ነው ማለት ነው። የት ተቀመጠ? ስንት ጊዜ ቆየ? ማንስ ያዘው?

በምዕራፍ 4 ደመና ተራራ ሲገጥመው ሽቅብ እየተገፋ፣ እየቀዘቀዘ ለምን እንደሚያራግፍ አይተናል። በምዕራፍ 5 ደግሞ ከደጀን ቁልቁል ወደ ዓባይ ድልድይ እየወረድን የድንጋዮቹን ድርብርብ ገጽ በገጽ አነበብን። ከላይ ጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ ከሥሩ የኖራ ድንጋዩ፣ ዝቅ ብሎ ጂፕሰሙ፣ ከታች የአሸዋ ድንጋዩ። አሁን ፊታችንን ከገደሉ መልሰን ወደ ሰሜን፣ ወደ ጮቄ እናዙር። ዝናቡና ድንጋዩ የሚገናኙት እዚያ ነው።

ጎታው

ደብረ ማርቆስ ላይ በዓመት የሚዘንበው ዝናብ በአማካይ 1,300 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ሚሊ ሜትር ሲባል ትንሽ ይመስላል። በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ የወረደ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ግን ልክ አንድ ሊትር ውኃ ነው። ስለዚህ አንዲት ጥማድ መሬት፣ ማለትም የሄክታር ሩብ፣ በዓመት ከ3 ሚሊዮን ሊትር በላይ ትቀበላለች። በሃያ ሊትር ጀሪካን ቢቀዳ ከ160,000 ጀሪካን ይበልጣል። ሀብቱ የሚናቅ አይደለም፤ ችግሩ አመጣጡ ላይ ነው። ከዚህ ዝናብ ሦስት አራተኛው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት አራት ወራት ብቻ ነው።

እንበልና ጮቄ ከጫፍ እስከ እግሩ በሲሚንቶ የተለበጠ ተራራ ቢሆን ኖሮ፣ የነሐሴ ዝናብ በነሐሴ ወርዶ፣ በነሐሴ ጨሞጋን ሞልቶ፣ ጥቂት ቀን ሳይቆይ ዓባይ ይገባ ነበር። ጨሞጋም በጥቅምት የድንጋይ ኮረት የሞላበት ደረቅ ሸለቆ ይሆናል። ክረምቱም አሁን ከምናውቀው እጅግ የከፋ ጎርፍ ይዞ በመጣ ነበር። ይህ እንዳይሆን ያደረገው ተራራው ዝናቡን ተቀብሎ የሚያቆይበት ማስቀመጫ ስላለው ነው። የገበሬ ቤት ጎታ እንዳለው ሁሉ ማለት ነው።

ጎታን ልብ ብሎ ያየ ሰው ሦስት ነገር ያስተውላል። አንደኛ፣ እህሉ የሚገባው ከላይ በሰፊው አፉ በኩል፣ በአንድ ወቅት፣ በብዛት ነው። ሁለተኛ፣ የሚወጣው ከሥሩ ባለችው ጠባብ ቀዳዳ፣ በጥቂት በጥቂቱ፣ በየቀኑ ነው። ሦስተኛ፣ ጎታው ውስጥ ያለው መጠን ከአውድማ ከመጣው እህል ጋር እኩል አይሆንም፤ አፉ ላይ የተደፋውና መሬት የበላው ተቀናሽ ነው። ጮቄም እንዲህ ነው፤ ልዩነቱ ወቅቱ መገልበጡ ብቻ ነው። ገበሬው ጎታውን በበጋ ሞልቶ በክረምት ይበላል፤ ተራራው በክረምት ሞልቶ በበጋ ያበላል።

የውኃ ባለሙያዎች ዝናብ በሌለበት ወራት ወንዙን የሚያቆየውን ውኃ «ቤዝ ፍሎው» ይሉታል። እኛ በዚህ መጽሐፍ የበጋ ፍሰት እንለዋለን። በጠቅላላ ሲደመር ከክረምቱ ሙላት ጋር የሚወዳደር አይደለም። ይሁንና በጥርና በመጋቢት ከብት የሚጠጣው፣ ድንችና ሽንኩርት በመስኖ የሚበቅልበት፣ የውኃ አባቱ ተራ እያስያዘ ለየማሳው የሚያከፋፍለው እሱ ነው። ስለ ወንዝ ስንነጋገር ዓይናችን ሁልጊዜ ወደ ሙላቱ ይሄዳል። ድልድይ የሚሰብረው፣ ፎቶ የሚነሣው ሙላቱ ነውና። የሰው ኑሮ የተንጠለጠለው ግን በቀጭኑ ፍሰት ላይ ነው።

ግድግዳው የተሠራበት

ጮቄ እሳተ ገሞራ ነበር። ይህ ሲነገር ብዙ ሰው እንደ ድንኳን ሾጥጦ የቆመ፣ ጫፉ ላይ ጉድጓድ ያለው ተራራ ያስባል። ከዚያም ወደ ጮቄ አይቶ «ይሄ ጋራ እንጂ እሳተ ገሞራ አይመስልም» ይላል። ትዝብቱ ትክክል ነው። የጮቄ ዓይነቱን ጂኦሎጂስቶች ጋሻ እሳተ ገሞራ ይሉታል፤ መሬት ላይ ተደፍቶ እንደተቀመጠ ጋሻ ሰፊና ለጥ ያለ ስለሆነ ነው። ቅላጩ ድንጋይ ቀጭን ስለነበር እየፈነዳ አልተከመረም፤ እየፈሰሰ ሩቅ ሄዶ በስሱ ተነጠፈ እንጂ። ከሥሩ ያለው፣ በዓባይ ገደል አናት ላይ ያየነው ጥቁር ድንጋይ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ አለው፤ ጮቄ በላዩ ላይ የተደረበው ከ22 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው። ከፍተኛው ጫፉ ከ4,000 ሜትር ያልፋል። ከደብረ ማርቆስ የሚነሣ ሰው ግን ብዙውን ጊዜ እየወጣ መሆኑን የሚያውቀው በዳገቱ ሳይሆን በብርዱ ነው።

ለውኃ ታሪካችን ዋናው ነገር ፍሰቱ አንድ ጊዜ ብቻ አለመሆኑ ነው። አንዱ ፍሰት ወርዶ ይበርዳል፤ ሲበርድ ይሰነጠቃል። ከዚያ ሺህ ዓመታት ያልፋሉ፤ ላዩ ይበሰብሳል፣ አፈር ይሆናል፣ ምናልባትም ሣር ይበቅልበታል። ሌላው ፍሰት ይመጣና ያን አፈር አቃጥሎ ከሥሩ ይቀብረዋል። መንገድ ሲቆረጥ በተገለጠ ገደል ላይ፣ በሁለት ጥቁር ድንጋዮች መካከል እንደ ሸክላ የቀላች ቀጭን መስመር አይታችሁ ከሆነ፣ ያ የተቀበረ አፈር ነው።

አሁን ዝናቡ ይዘንባል እንበል። ከአፈሩ ያለፈው ውኃ በተሰነጠቀው ድንጋይ ውስጥ ቁልቁል ይሰርጋል። የተቃጠለው ሸክላ መሰል ንብርብር ላይ ሲደርስ ግን ማለፍ ያቅተዋል። ቁልቁል መሄድ ስላልቻለ በንብርብሩ ላይ ወደ ጎን ይጓዛል፤ ንብርብሩ በኮረብታው ጎን ብቅ ባለበት ቦታ ውኃውም ብቅ ይላል። ምንጭ ማለት ይህ ነው። በአንድ ኮረብታ ወገብ ላይ ምንጮች በአንድ ከፍታ፣ እንደ መቀነት ተደርድረው የሚገኙትም ስለዚህ ነው። ጎታው ቀዳዳው አንድ ብቻ አይደለም፤ በየወለሉ አለው።

ወንዞቹ የሚሄዱበትም አቅጣጫ የዚሁ የጋሻ ቅርጽ ውጤት ነው። ከእምብርቱ ተነሥተው በየፊናቸው ይወርዳሉ። ሙጋና ሱሃ ወደ ምሥራቅና ደቡብ ምሥራቅ፣ ጨሞጋና ጀደብ ወደ ደቡብ፣ ተምጫና ብር ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ። የሚገርመው እንዲህ ተበታትነው ሄደው ሁሉም የሚገቡት አንድ ወንዝ ውስጥ መሆኑ ነው። ዓባይ ከጣና ወጥቶ በቀጥታ ወደ ሱዳን አይሄድም፤ ጎጃምን በምሥራቅና በደቡብ ከቦ ነው ወደ ምዕራብ የሚታጠፈው። በጮቄ አናት ላይ በአንድ ድንጋይ ግራና ቀኝ የወደቁ ሁለት ጠብታዎች አንዱ ወደ ምሥራቅ፣ ሌላው ወደ ምዕራብ ሄደው ዓባይ ላይ ይገናኛሉ።

የወንዝ ዓይን ፍለጋ

ስፔናዊው ኢየሱሳዊ ፔድሮ ፓኤዝ በ1618፣ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ደግሞ በ1770 (እ.ኤ.አ.) ሰከላ ድረስ ሄደው ግሽ ዓባይን አይተዋል። ብሩስ እዚያ ሲደርስ የዓለምን ትልቅ ምስጢር የፈታ መስሎት ነበር። ለእኛ ሰው ግሽ ዓባይ ጠበል ነው፤ ክብሩም ከማንም ካርታ አይመጣም። እንደ ውኃ ጥያቄ ከተወሰደ ግን «የወንዙ መነሻ የት ነው?» ብሎ አንዲት ነጥብ መፈለግ መጀመሪያውኑ የተጣመመ ጥያቄ ነው።

ጨሞጋን እንውሰድ። ወደዚህ ወንዝ ውኃውን የሚያራግፈው መሬት 350 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በዚህ ክልል ውስጥ የሚወድቅ ማንኛውም ጠብታ ካልተነነ፣ ተክል ካልጠጣው፣ መጨረሻው ጨሞጋ ነው። ይህን የመሰለ፣ ውኃው ወደ አንድ መውጫ የሚሰበሰብ መሬት ተፋሰስ ይባላል። ቃሉ በዜና ስለተሰለቸ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነገር ይመስላል እንጂ ነገሩ የሁሉም ነው። የስናን ገበሬ የገብስ ማሳ፣ የከተማው ቆርቆሮ ጣሪያ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ፣ የኳስ ሜዳው፣ ሁሉም የሆነ ወንዝ መነሻ ናቸው። የወንዙ አፍላቂ አንዲት ምንጭ ብትሆን ኖሮ እሷን አጥሮ መጠበቅ በበቃ ነበር።

ውኃው ስንት ወሩ ነው?

ውኃው ይቆያል አልን። ስንት ጊዜ? ይህን በዓይን አይቶ መናገር አይቻልም፤ ያረጀ ውኃና ትናንት የዘነበ ውኃ መልካቸው አንድ ነው። ተመራማሪዎች ግን የሚለዩበት ዘዴ አላቸው።

ውኃ ከሃይድሮጅንና ከኦክስጅን የተሠራ ነው። ኦክስጅን ሁሉ ግን እኩል አይመዝንም፤ አብዛኛው ቀለል ያለ ሲሆን ከሺህ ሁለት ያህሉ ከበድ ይላል። የከባዱና የቀላሉ ድርሻ ከዝናብ ወደ ዝናብ ይለያያል። በበልግ የጣለ ዝናብና በነሐሴ የወረደ ዶፍ በዚህ ሚዛን አይመሳሰሉም። ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ ከዝናቡም ከወንዙም ናሙና እየቀዱ ቢለኩ፣ የዝናቡ መለዋወጥ ወንዙ ላይ ዘግይቶና ደብዝዞ ይታያል። ከመዘግየቱና ከመደብዘዙ ተነሥቶ ውኃው መሬት ውስጥ በአማካይ ስንት ጊዜ እንደቆየ ማስላት ይቻላል።

ሲራክ ተክለአብና ባልደረቦቹ ይህንኑ በጨሞጋና በጎረቤቱ በጀደብ ላይ ሠርተው በ2014 (እ.ኤ.አ.) አሳትመዋል። ያገኙት አማካይ ለጨሞጋ 4 ወር ገደማ፣ ለጀደብ 6 ወር ገደማ ነው። በየካቲት ድልድዩ ሥር ያየነው ውኃ እንግዲህ በመስከረም መጨረሻ ወይም በጥቅምት ከጣለው ዝናብ ጋር ይዛመዳል ማለት ነው። አማካይ ነውና ከዚያ ያረጀም ያልደረሰም ውኃ ተቀላቅሎበታል። ጥናቱ ሌላም ነገር ያሳያል፤ በክረምቱ ወራት ወንዙ ውስጥ ከሚያልፈው ውኃ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ጎታው ውስጥ ገብቶ የማያውቅ፣ ወዲያው ዘንቦ ወዲያው የሄደ ነው።

እኔ እነዚህን ቁጥሮች ያየኋቸው በስጋት ነው። አራትና ስድስት ወር አንድ በጋ ለማሻገር ይበቃል፤ ለሁለተኛው ግን አይተርፍም። አንዳንድ አገር ወንዞች ዐሥርና ሃያ ዓመት የቆየ ውኃ ስለሚቀላቀልባቸው አንድ ክረምት ቢከፋ ብዙም አይሰማቸውም። የጮቄ ጎታ ግን ከዓመት ወደ ዓመት የሚኖር፣ ከእጅ ወደ አፍ የሆነ ጎታ ነው።

በእግር ሲወጣ የሚታየው

ይህን ሁሉ ለማመን ላቦራቶሪ አያስፈልግም፤ እግርና ጥሩ ጫማ ይበቃል። ደብረ ማርቆስ 2,450 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከዚያ ወደ ሰሜን የሚወጣው መንገድ የስናን ወረዳ ከተማ የሆነችውን ረቡዕ ገበያን አልፎ፣ የጮቄን ትከሻ ተሻግሮ ወደ ድጓ ጽዮንና ወደ ሞጣ ይወርዳል። መኪናውን ረቡዕ ገበያ ትቶ በእግር መንገዱ የሚወጣ ሰው ብዙ ያተርፋል። በ2022 (እ.ኤ.አ.) የተባበሩት መንግሥታት የዓለም ቱሪዝም ድርጅት የጮቄን የኢኮቱሪዝም መንደር ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች ተርታ ካሰለፈው ወዲህ የአካባቢው ስም ከአገር ውጭም ይነሣል።

በአብዛኛው ሰው የሚመርጠው ጥቅምትና ኅዳርን ነው። አረንጓዴ ነው፣ አበባው አልረገፈም። ጎታውን ማየት የፈለገ ግን በጥር ወይም በየካቲት ይውጣ። ያኔ አረንጓዴ ሆኖ የቀረው ቦታ ሁሉ ውኃ የሚወጣበት ቦታ ነው፤ ተራራው ምስጢሩን በቀለም ጽፎ ያሳያል። ገርጥቶ ከደረቀው ኮረብታ ወገብ ላይ አግድም የተዘረጋች ለምለም መስመር ስታዩ፣ ያቺ ቅድም ያልነው የተቀበረው ሸክላ ብቅ ያለባት ናት። ቤቶቹም ከመስመሯ ብዙ አይርቁም። ውኃ ቀጂ ሴቶችና ልጆች ያበጇት ቀጭን መንገድ ከቤቶቹ ወደ እሷ ትሄዳለች።

ዋናው የእግር መንገድ ለምን ሸንተረር ሸንተረሩን እንደሚሄድም አስተውሉ። የጎጃም ሰው ከጥንት ጀምሮ ገደልና ወንዝ መሻገርን ስለሚሸሽ መንገዱን ሁለት ተፋሰሶችን በሚለየው ጀርባ ላይ ይዘረጋል። ስለዚህ በዚያ መንገድ የሚሄድ ሰው ሳያውቀው የውኃ ድንበር ላይ እየሄደ ነው፤ ቀኝ እጁ በኩል ያለው ማሳ የአንዱ ወንዝ፣ ግራው የሌላው ነው።

ከፍ እያሉ ሲሄዱ ጤፉ ይቀራል፤ ስንዴው፣ ከዚያም ገብስና ድንቹ ይቀበላል። በምዕራፍ 4 እንዳልነው በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ 6 ዲግሪ ገደማ ስለሚቀንስ፣ አናቱ ላይ ከደብረ ማርቆስ 10 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። እዚያ ዛፍ የለም። አስታ፣ ጓሳ፣ ከዚያም ጅብራ ነው ያለው። ጅብራ ረጅም ዕድሜዋን ሙሉ አንድ ጊዜ ብቻ ለማበብ ኃይል የምታከማች፣ አብባም የምትሞት ተክል ናት፤ ያልታደለ ጎብኚ የደረቀ ግንዷን የተቃጠለ ምሰሶ ነው ብሎ ያልፋል። ለእኛ ጉዳይ ግን ባለቤቱ ጓሳው ነው። እጅን በጓሳ እግር ሥር ሰድዶ አፈሩን መዝገን ነው። ጥቁር፣ ቀላል፣ በሥር የተጠላለፈ፣ በየካቲትም ቢሆን ውስጡ እርጥብ። ከዚያ አጠገቡ ባለው የታረሰ ማሳ ያለውን መዝገን። ስለ ጎታው አፍ ከዚህ በላይ ማስረዳት የምችል አይመስለኝም። ዝናብ ሲመታ የመጀመሪያው ይጠጣል፤ ሁለተኛው ላዩ ይጠቀጠቅና ያንሸራትታል።

ሲያንስ

ወልደአምላክ በውቀት የጨሞጋን ተፋሰስ ለዓመታት ያጠኑ የጂኦግራፊ ምሁር ናቸው። ከኸርት ስቴርክ ጋር በ2005 (እ.ኤ.አ.) ባሳተሙት ጥናት ከ1960 እስከ 1999 ያለውን የወንዙን ፍሰት መረመሩ። የበጋው ዝናብ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላሳየም፤ የበጋው ፍሰት ግን ቀንሷል። ከሰማይ የሚመጣው ያው ሆኖ ከሥር የሚወጣው ካነሰ፣ ችግሩ ያለው መሐል ላይ ነው ማለት ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው «ዛፍ ስለተቆረጠ ነው» ለማለት ይቸኩላል። የአየር ፎቶግራፎቹ ያሳዩት ግን ከዚህ የተወሳሰበ ነገር ነው። በጨሞጋ ተፋሰስ በዛፍ የተሸፈነው መሬት በእነዚያ ዘመናት አልቀነሰም፤ እንዲያውም በመጠኑ ጨምሯል፤ የጨመረው ግን ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ ለገበሬው ማገዶ፣ ቤት መሥሪያና ገንዘብ ነው፤ በባዶ እጅ «ንቀሉ» ማለት ግፍ ይሆናል። ውኃን በተመለከተ ግን ጠጪ ነው፤ ምንጭ አጠገብና ጨፌ ውስጥ ሲተከል ከጎታው ቀዳዳ ሥር አፉን ከፍቶ እንደተቀመጠ ይቆጠራል። በዚህ ላይ እርሻው ሽቅብ እየወጣ ጓሳውን መግፋቱ፣ ከብቱ የግጦሽ መሬቱን መጠቅጠቁ፣ ረግረጉ በቦይ እየተንጠፈጠፈ ማሳ መሆኑ ሲጨመር የጎታው አፍም ይጠባል፣ ሥሩም ይፈሳል። የችግኝ ቁጥር እየቆጠሩ መፎከር ደስ ይላል፤ ለእኔ ግን ከሚተከለው ብዛት ይልቅ ምን፣ የት ተተከለ የሚለው ይበልጣል።

አፉን ማስፋት እንደሚቻል ግን ማስረጃ አለ። ደምበጫ አቅራቢያ ያለችው አንጀኒ ከ1984 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ ነች። ስፋቷ 113 ሄክታር ብቻ ነው። እዚያ የተሠራው ፋኛ ጁ የሚባለው እርከን ነው፤ ቦይ ይቆፈርና አፈሩ ወደ ላይኛው ወገን ይጣላል። ጎርፉ ይዞት የሚመጣው አፈር ከዓመት ወደ ዓመት በግድቡ ጀርባ እየተጠራቀመ፣ ተዳፋቱ ቀስ በቀስ ደረጃ ይሆናል። በደረጃ ላይ ውኃ ለመሮጥ አይቸኩልም፤ ቆም ካለ ደግሞ ይሰርጋል። ገበሬዎች በእርከን ላይ የሚያነሡት ቅሬታም እውነት ነው። መሬት ይበላል፣ በሬ ማዞር ያስቸግራል፣ አይጥ ይራባበታል። በየዓመቱ በጥር ወር ሕዝቡ ዶማና አካፋ ይዞ የሚወጣበት የተፋሰስ ሥራ የሚጸናውም የሚፈርሰውም በእነዚህ ቅሬታዎች አያያዝ ነው።

ሁለት ጎታ

ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ ይይዛል። የሚሠራውም ሥራ እስካሁን ስናወራ የቆየነውን ነው፤ የክረምቱን ውኃ ይዞ ለበጋ ማዋል። ልዩነቱ አቀማመጡ ላይ ነው። ግድቡ የዓባይ ጉዞ በአገር ውስጥ ሊያበቃ ሲል፣ ድንበር አካባቢ ያለ ጎታ ነው፤ የያዘውን ለጨሞጋ ገበሬ ሽቅብ መልሶ ሊሰጠው አይችልም። መብራት ሊልክለት ይችላል፤ በመጋቢት የሚያጠጣውን ድንች ግን የሚያጠጣለት የጮቄ ጎታ ብቻ ነው።

በሁለቱ መካከል ሌላም ዝምድና አለ። የላይኛው ጎታ አፉ ሲጠብ ውኃው ብቻውን አያመልጥም፤ አፈሩንም ይዞ ይወርዳል። በክረምት የጨሞጋ ውኃ የሚቀላው በዚሁ አፈር ነው። ያ አፈር ዓባይ ገብቶ፣ ዓባይ ግድቡ ሐይቅ ውስጥ ሲደርስና ፍጥነቱን ሲያጣ የት እንደሚያርፍ፣ ምን ያህል እንደሚሆንና ማን እንደሚጠርገው በምዕራፍ 7 እናያለን።